ኦቦ ፈይሳ ስም ሲጠሩ

ዛሬ ከሰዓት በኋላ፣ የሠፈሩ ሰው በሙሉ በተሰበሰበበት፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ፣ አፈር የለበሰን ሰው «አለ!» ብዬ መሰከርኩ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ኦቦ ፈይሳን ቀብረን ጨረስን። በእድራችን ደንብ አፈሩ ከተመለሰ በኋላ፣ ሰው ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ሳይወጣ ስም ይጠራል። የመጣው «አለሁ» ይላል፤ የቀረው ይመዘገባል። ስንት ዓመት ሙሉ ስም ጠሪያችን ራሳቸው ኦቦ ፈይሳ ነበሩ። ዛሬ ደብተሩን የያዘችው አስቴር ናት። አስቴር ከወላይታ መጥታ እዚሁ ቡራዩ ፋብሪካ የምትሠራ ቆፍጣና ሴት ናት፤ ዛሬ ግን ፊደሉን በጣቷ እየተከተለች ነበር የምታነበው። ደብተሩ የሳቸው፣ ጽሑፉም የሳቸው። ኦቦ ፈይሳ የራሳቸውን ስም የሚጽፉት ከሁሉም መጨረሻ ነው። ሌላውን ጠርተው ሲያበቁ «ፈይሳ!» ይሉና «አለሁ!» ብለው ራሳቸው ይመልሳሉ። አስቴር እንደተጻፈው እያነበበች ወርዳ ወርዳ፣ ሳታስበው ያንን ስም ጠራችው።

ማን ይመልስ!

እኔ ደግሞ በቆምኩበት ሸለብ አድርጎኝ ነበር። በሰባ ስድስት ዓመቴ ቆሞ መተኛትን ከጋሪ ፈረስ ተምሬያለሁ። ስም ተጠርቶ መልስ ሲጠፋ ለጓደኛ መመለስ ደግሞ ቢሮ ስሠራ ያመጣሁት ልማድ ነው፤ በስንቱ ቀሪ ስም ምያለሁ። ብንን አልኩና «አለ!» አልኩ።

ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ። ቄሱ ሳይቀሩ። አዴ ጫልቱ፣ የኦቦ ፈይሳ ባለቤት፣ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ጭነው ትከሻቸው ይንቀጠቀጣል። አስለቀስኳቸው ብዬ አንገቴን ደፋሁ። ለካ እየሳቁ ነው። በኋላ ቀርቤ ሳጽናናቸው «ፈይሳ ቢሰማህ ድንኳን ያሳጥፍህ ነበር» አሉኝ።

ድንኳን የማሳጠፉን ነገር ልናገር። ሌላው እድር ከቀብር የቀረን ሰው በገንዘብ ነው የሚቀጣው። ኦቦ ፈይሳ ይህን አልወደዱትም። «ገንዘብ ያለው ሰው መቅረትን እንደ ሥጋ በኪሎ ይገዛታል» ብለው ተከራክረው ደንቡን አስለወጡ። ከቀብር የቀረ ሰው ለቅሶው ሲያበቃ መጥቶ ድንኳኑን ያፈርሳል፣ ያጥፋል፣ አግዳሚ ወንበሩን ተሸክሞ ወደ እድሩ ዕቃ ቤት ይመልሳል። እኔ ጡረታ ወጥቼ ቡራዩ ከገባሁ ጀምሮ ያጠፍኩት ድንኳን ቢዘረጋ ከገፈርሳ እስከ አስኮ ጥላ ይሆናል። መዝገብ ቤት ነበር የምሠራው። ሠላሳ ዓመት የሰው ፋይል ስፈልግ ኖሬ፣ በስተርጅና ራሴ የምፈለግ ሰው ሆንኩ። ኦቦ ፈይሳም ስም አወጡልኝ፤ «አያ ሰበቡ»።

አንድ ጊዜ እግሬ አብጧል ብዬ ከቀብር ቀረሁ። እውነቱ ዝናቡ ነው፤ እኔም ጋቢዬ ውስጥ ሞቆኛል። ኦቦ ፈይሳ ከቀብሩ በቀጥታ ሦስት ጎልማሶች አስከትለው ከች አሉ፤ ቃሬዛ አስይዘው!

«ኮቱ ታዬ፣ ና፣ ሐኪም ቤት እናድርስህ።»

ሬሳው የሄደበት ቃሬዛ መሆኑን ሳይ በአንድ ጊዜ ተሻለኝ። ይሉኝታ ይዞኝ ግን ሳምንት ሙሉ ማነከስ ነበረብኝ። በአራተኛው ቀን ወፍጮ ቤቱ ደጃፍ ላይ አገኙኝ። በመነጽራቸው አናት ከላይ እስከ ታች አዩኝና፣

«ታዬ፣ በሽታው ተሻገረ?» አሉ።

«ምኑ ኦቦ ፈይሳ?»

«ሰኞ ያበጠው ግራ እግርህ ነበራ።»

ስም ሲጠሩ ማየት ነበር። ከኮፍያቸው እጥፋት እርሳስ ያወጣሉ፤ በምላሳቸው ጫፍ ያረጥቡታል፤ ደብተሩን ከፌስታል ውስጥ ቀስ አድርገው እንደ ታቦት ያወጡታል። ኦሮሞው «ጅራ!» ይላል፣ አማራው «አለሁ!» ይላል፣ ጉራጌውም ወላይታውም እንዳሻው ይመልሳል፤ በሳቸው ደብተር ሁሉም አንድ ነጥብ ነው። መልስ ከጠፋ «የለም» ብለው አያውቁም። «ገና ነው» ይላሉ። ትንሽ ይጠብቃሉ። ከዚያ ነጥቡ በሚገባበት ቦታ አጭር ሰረዝ ያደርጋሉ። ሰረዝ ያደረጉበትን ሰው ቤቱ ሄደው ሳያዩ ደግሞ ራት አይበሉም።

ለምን እንደሆነ አንድ ቀን ብቻ ነው የነገሩኝ። እኔ ቅጣቴን ድንኳን አጥፋለሁ፤ እሳቸው ካስማ ይነቅላሉ። እሳቸውን የሚያስነቅል ደንብ የለም፤ ግን አንድም ቀን ብቻዬን አሳጥፈውኝ አያውቁም።

«በወጣትነቴ ሰበታ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሰዓት ተቆጣጣሪ ነበርኩ» አሉ። «ከደቡብ የመጣች አንዲት ልጅ ነበረች፤ ፈትል ክፍል። አንድ ቀን ቀረች፣ ሰረዝ አደረግኩ። በማግስቱ ቀረች፣ ሰረዝ። በሦስተኛውም ሰረዝ። ሦስት ቀን የቀረ ይሰናበታል ይላል ደንቡ፤ የስንብቷን ወረቀት ጻፍኩ። ወረቀቱን ይዞ የሄደው ዘበኛ ነው በሩን ገፍቶ ያገኛት። ብቻዋን፣ ትኩሳት ላይ፣ ውኃ የሚያቀብላት አጥታ። ሞታ።»

የነቀሉትን ካስማ አፈሩን በእጃቸው ጠረጉት።

«ጽሑፌ ያምር ነበር ታዬ። ሦስቱም ሰረዝ ቀጥ ያለ።»

ተከራይ ሁሉ እድር እንዲገባ የተሟገቱትም ለዚሁ ነው። በየግቢው ጓሮ አንድ ክፍል ተከራይተው የሚኖሩ የፋብሪካና የግንባታ ሠራተኞች አባል ይሁኑ ሲሉ አንድ ባለ ቪላ ተነሥቶ «ተከራይ እኮ ነገ ይሄዳል!» አለ። ስብሰባችን መቃብሩ አጠገብ ነበር። ኦቦ ፈይሳ በእርሳሳቸው ወደ መስቀሎቹ እያመለከቱ «አንተስ ቀሪ ነህ?» አሉት። አስቴር አባል የሆነችው በዚያ ቀን ነው።

ከዚያ ያ ማስተር ፕላን የሚባል ነገር መጣ። አዲስ አበባ ልትሰፋ ነው፣ ሰበታን፣ ቡራዩን፣ ሱሉልታን ልትጠቀልል ነው ተባለ። ገበሬው መሬቴ አለ። ተማሪው ወጣ። አስፋልቱ በድንጋይና በጎማ ጭስ ይዘጋል፣ ይከፈታል፣ ይዘጋል። ተኩስ እንደ ኪኒን ከምግብ በፊትና ከምግብ በኋላ ሆነ። ማዳበሪያ ሊገዛ የወጣ አይመለስም፤ ልጁን ሊፈልግ የወጣም እንደዚያው። ከሁሉ የከፋው ሰላምታ መቅጠኑ ነው። ትናንት ግቢ ድረስ ገብቶ ቁርስ አብሮህ የሚበላው ጎረቤት ዛሬ በአንገቱ ነቅነቅ አድርጎ ያልፋል። እንደ እኔ ከሌላ አገር መጥቶ በዚያ መሬት ላይ ቤት የሠራ ሰው ማታ ሲተኛ ጥያቄ ይዞ ነው የሚተኛው። የኦቦ ፈይሳ ወንድም ደግሞ ሱሉልታ ማሳ አላቸው፤ እሳቸውም በዚያ ይተክዛሉ። ሁላችንም በየፊናችን ፈርተን ነበር፤ መፍራትም ያደክማል።

በዚያ ሰሞን በእድር ስብሰባ ላይ አንዱ ወደ እኔ ሳያይ፣ ግን እኔ እንድሰማ አድርጎ፣ «ለመሆኑ ጋሽ ታዬ የኛ ናቸው ወይስ የነሱ?» አለ።

ኦቦ ፈይሳ ደብተሩን ገለጥ ገለጥ አደረጉና፣

«ቁጥር አርባ ሁለት ነው» አሉ። «ቀጥሎ ያለው አጀንዳ፤ የሚያፈስ ድንኳን።»

ብዙ መሥሪያ ቤት ብዙ ቁጥር ሰጥቶኛል። እንደዚያች ያሞቀችኝ የለችም።

ወይዘሮ ዘነበች ያረፉት ያን ጊዜ ነው። ከቤቴ ሁለት በር ወረድ ብለው ሽንኩርትና ድንች የሚቸረችሩ ሴት ነበሩ። ባለቤቴ ስትሞት አስከሬኗን ያጠቡት እሳቸው ናቸው። ሦስት ቀን ሽንኩርታቸውን ትተው ቤቴ ተቀመጡ፤ ብላ ሳይሉኝ ሳህኑን ፊቴ አድርገው ዝም ብለው ያዩኝ ነበር፣ እስክበላ። ከሳቸው ቀብር የሚቀር ሰው፣ ሰው አይባልም። እኔ ቀረሁ።

ጥርሴ ነው ያስቀረኝ። ሰው ሠራሽ ጥርሴ ተሰብሮ መርካቶ ጥርስ ሠሪ ዘንድ ከሰጠሁት ሁለት ሳምንት አልፎታል፤ የቀጠረኝ በዚያ ቀን ጠዋት ነው። ቀብሩ በዘጠኝ ሰዓት ነው፤ እደርሳለሁ አልኩ። ደግሞ ያለ ጥርስ የለቅሶ ንፍሮ በምን ይበላል ብዬ ራሴን አሳመንኩ። ሄድኩ። ጥርስ ሠሪው «ነገ ይምጡ» አለኝ። ስመለስ ታክሲው አስኮ ላይ «ከዚህ በላይ አልሄድም፣ መንገድ ተዘግቷል» ብሎ አራገፈን። ዘጠኝ ሰዓት አልፏል። ዳገቱን በእግሬ ተያያዝኩት።

ቡራዩ መግቢያ ላይ ልጆች አስፋልቱን በድንጋይ ዘግተዋል። እኔ ደክሞኛል። ከተደረደረው ድንጋይ ሰፋ ያለውን መርጬ ተቀመጥኩ። ጫማዬ ውስጥ የገባ ነገር ሲቆረቁረኝ ነበርና አውልቄ አራገፍኩት፤ ጠጠር ነው፤ በሁለት ጣቴ ይዤ ይቺ ናት እንዴ ይህን ሁሉ መንገድ ያሰቃየችኝ እያልኩ ሳያት፣ ልጆቹ እንደ ወፍ በነው ጠፉ። መኪና ቆመ። መሣሪያ የያዙ ሰዎች ወረዱ። ያገኙት፣ በመንገድ መዝጊያ ድንጋይ ላይ የተቀመጠ፣ በእጁ ድንጋይ የያዘ፣ አንድ እግሩ ባዶ የሆነ ሽማግሌ ነው።

«አስተባባሪው አንተ ነህ?» አለኝ አንዱ።

ጥርስ የለኝ፤ ምን እንዳልኩት እኔም አልገባኝም።

ጣቢያ አንድ ክፍል ውስጥ ከወጣቶች ጋር አስገቡኝ። ሦስቱ የሠፈራችን ልጆች ናቸው። «ጋሼ፣ እርስዎም ታገሉ?» ብሎ አንዱ ሳቀብኝ፤ ከንፈሩ ግን ያበጠ ነበር፤ ሲስቅ ደማ። ይዘው ሩቅ ቦታ እንደሚወስዱ፣ የተወሰደም ወሬው እንደማይሰማ ሁላችንም እናውቃለን። መርማሪው ጠራኝና ከየት እንደመጣሁ ጠየቀኝ። እውነቱን ብናገር፣ ጥርሴን ብል፣ ምን አለበት? ውሸት ግን አፌ ላይ ተደላድላ የኖረች ናት፤ ጥርስ ባይኖርም ትወጣለች። «ከቀብር እየተመለስኩ ነው» አልኩ። «የእድራችን ስም ጠሪ ይመስክር።»

ወደ ክፍሉ ስመለስ ነው ያደረግኩት የገባኝ። ስሜ አጠገብ ሰረዝ አለች። ኦቦ ፈይሳ ለማንም ሰረዝን ነጥብ አድርገው አያውቁም። አንድ ጊዜ ራሳቸው ታመው ቀርተው፣ ከአልጋ ሲነሡ የቅጣታቸውን ድንኳን አጥፈዋል።

ፀሐይ ሳትጠልቅ መጡ። ሰረዝ አድርገውብኝ፣ ቤቴ ሄደው አጥተውኝ፣ በር ለበር ሲጠይቁ ጣቢያ መሆኔን ሰምተው ነው። በመስኮቱ አየኋቸው። ከብብታቸው የማይለየው ፌስታል የለም። ደብተሩን ሳይዙ ሳያቸው ያ የመጀመሪያዬ ነው።

መርማሪው ዓይኑ የቀላ፣ ለቀናት ያልተኛ የሚመስል ልጅ እግር ሰው ነው። የተናገሩት ሁሉ ይሰማኛል።

«ይሄ ሽማግሌ ቀብር ላይ ነበር?»

«ነበረ።»

ከሳቸው አፍ! ልጆቹ አዩኝ፤ እኔ ወለሉን አየሁ።

«መዝገብ አላችሁ አይደል? አምጡት።»

«መዝገብ የለንም። በቃሌ ነው የምጠራው።»

«ጥሩ። ቀብሩ ላይ የነበሩትን በሙሉ ይጥሩልኝ። እጽፋለሁ።»

ያን ጊዜ የስም ዝርዝር ማለት ማን ጋ እንደሚደርስ የማይታወቅ ነገር ነው። ባይጠሩ እኔ እቀራለሁ፤ ምናልባት እሳቸውም አብረውኝ። ቢጠሩ ሠፈሩ በሙሉ ወረቀት ላይ ይወርዳል። ኦቦ ፈይሳ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«በቀለ ጉርሙ፣ አለ።»

በቀለ ጉርሙ ከሞተ አራት ዓመቱ ነው።

«ወይዘሮ ሙሉነሽ አበራ፣ አለች።»

የሙሉነሽን ድንኳን ያጠፍኩት እኔ ነኝ።

«ሎሃ ዳና፣ አለ። ደሜ ሁንዴ፣ አለ። አቶ ክፍሌ፣ አለ። ታዬ ወልዴ፣ አለ። ብርቄ ቶላ፣ አለች...»

አንድ በአንድ፣ ሳይቸኩሉ፣ በዚያ በለመድኩት ድምፃቸው፣ የቀበርናቸውን በሙሉ ጠሩ። ከመካከላቸው የሚተነፍስ እኔ ብቻ ነኝ። ልጆቹ መጀመሪያ አልገባቸውም፤ ኋላ አንዱ አያቱ ስትጠራ ሰማና ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። መርማሪው ይጽፋል። ገጹ ሞላ፤ ገለበጠ።

«ወጣት የለም እንዴ በዚህ ውስጥ?» አለ።

«ወጣት ቀብር አይወድም።»

እስክሪብቶው ቆመ። ቀና ብሎ አያቸው። እሳቸውም አዩት። ገብቶት ይሁን ደክሞት እስከ ዛሬ አላውቅም፤ ወረቀቱን አጥፎ መሳቢያ ውስጥ ከተተና «ሽማግሌውን ይውሰዷቸው» አለ።

«ልጆቹስ?»

«አባቴ፣ እርስዎ ይሂዱ። ሐሳቤን ሳልቀይር ይሂዱ።»

ወፍጮ ቤቱ ጋ ስንደርስ ድፍረቴን አሰባስቤ «ኦቦ ፈይሳ፣ እግዜር ይስጥልኝ» አልኩ።

«ዝም በል።»

ትንሽ ሄድን።

«ሰረዝህ እንዳለች ናት፤ አልነካትም» አሉ። «ድንኳኑን ታጥፋለህ። ግን ነበረ ብያለሁ። ዘነበች ላይ ነው የዋሸሁት፤ መንግሥት ላይ አይደለም። ነገ ሂድና መቃብሯ ጋ ቁምላት። ሩብ ሰዓት ትበቃለች። ቃሌን እውነት አድርግልኝ።»

«ነገ በጠዋት እሄዳለሁ» አልኩ።

እሳቸው ግን በጠዋት ሌላ ቦታ ነበሩ። ከጣቢያው ማዶ ቆመው የሦስቱን ልጆች ስም በየተራ ይጠራሉ። ከውስጥ «ጅራ!» የሚል ድምፅ ይመጣል፤ «አለሁ!» የሚል ይመጣል። ከዚያ ሄደው ለእናቶቻቸው «ዛሬም እዚያው ናቸው፣ አልተወሰዱም» ይላሉ። ዘቦቹ ሲያባርሯቸው ትንሽ ራቅ ብለው ይጠራሉ። አንድ ቀን በሰደፍ ገፍተዋቸው ወድቀው፣ ክንዳቸውን በነጠላ አንጠልጥለው በማግስቱም ተመለሱ። ልጆቹ እስኪፈቱ አንድ ጠዋት አላስተጓጎሉም። ከሦስቱ አንዱ ዛሬ መቃብር ሲቆፍር ነበር፤ አካፋውን ሌላ ሰው እንዲቀበለው አልፈቀደም።

ከዚያ ወዲህ ስንት ነገር መጣ። ፕላኑ ቀረ ተባለ፤ ሌላ ነገር ተተካ፤ እሱም አለፈ፣ ወይም አለፈ ብለን ተስማማን። ቪላ ተሠራ፣ ፈረሰ። ኦቦ ፈይሳም ድምፃቸው እየሰለለ ሄዶ በመጨረሻ ስም ሲጠሩ ፊት ያለው ሰው ስሙን ለኋለኛው እያቀበለለት ነበር የሚመለሰው። ትናንት በተኙበት አረፉ።

እኔ ስለ አገር ብዙ አላውቅም፤ ማወቅም ደክሞኛል። ግን ብቀር የሚጎድልበት ደብተር ነበረኝ። ጎድዬ ስገኝ ደግሞ ቤቴ ድረስ የሚመጣ፣ ቤቴ ከሌለሁ ካለሁበት የሚደርስ ሰው ነበረኝ። ይህን ያገኘ ሽማግሌ፣ በሌላው ነገር ቢያማርር፣ ውለታ ቢስ ነው።

ወይዘሮ ዘነበች ጋ በነጋታው አልሄድኩም፤ መንገድ ተዘግቶ ነበር። በሳምንቱ ዝናብ ነበር። ከዚያ ጉልበቴ። ኦቦ ፈይሳ በዓመት አንዴ ሁለቴ ድንገት «ዘነበች ጋ ሄድክ?» ይሉኛል፤ እኔም አንድ ነገር እላለሁ፤ እሳቸውም «እሺ አያ ሰበቡ» ብለው ያልፋሉ።

ዛሬ ሰው ሲበተን ወይዘሮ ዘነበች ወደተቀበሩበት፣ ከጽድ ዛፉ ማዶ ሄድኩ። ሣሩ ጉልበቴ ደርሷል። ቀለማቸው የተላጠ ሁለት የብረት መስቀሎች ጎን ለጎን አገኘሁ፤ የሁለቱም ጽሑፍ ዝጓል። አንደኛው የሳቸው ነው። የትኛው ፊት እንደምቆም እያወጣሁ እያወረድኩ ሳለ አስቴር ከበሩ ተጣራች፤ «ጋሼ ታዬ! ባጃጁ ሞልቷል፣ እርስዎን ነው የምንጠብቀው!»

ሰው ማስጠበቅ ነውር ነው ብዬ ሄድኩ። ለወይዘሮ ዘነበች ሩብ ሰዓት አለብኝ።